አዲስ ታብሌት ወጣ ሲባል፦ ማስታወቂያውን ከማንበብ አሮጌውን እስከ ማስረከብ

መብራቱ ይደበዝዛል። አንድ ሰው መድረክ ላይ ይወጣል። ከደብተር ሽፋን ብዙም የማይወፍር ነገር ከፍ አድርጎ ያሳያል። "እስከ ዛሬ ከሠራናቸው ሁሉ ፈጣኑ" ይላል። ያምናውን ሲያሳዩም ይህንኑ ነበር ያሉት። ቢሆንም ልብ ይሸፍታል። እጃችን ላይ ያለው ታብሌት ድንገት ያረጀ ይመስለናል። ትናንት ማታ ግን ምንም አልነበረውም።

እነዚህን ማስታወቂያዎች ለዓመታት ስከታተል አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። መድረክ ላይ የሚታየው ታብሌትና ዋጋው የሚነገርለት ታብሌት ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። የሚታየው ሁሉ ነገር የተሟላለት ነው። የሚነገረው ዋጋ የታናሽየው፣ ማለትም የዝቅተኛው ሞዴል ነው። ብዙ ሰው ገዝቶ የሚበሳጨው በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ሳያይ ስለሚከፍል ነው። እኔም ደርሶብኛል። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች የጻፍኩት ክፍተቱን አስቀድማችሁ እንድትለኩት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ የራሳችሁን ጻፉ

ማስታወቂያውን ሳታዩ ወረቀት ያዙ። ባለፈው ሳምንት በታብሌታችሁ ምን ሠራችሁበት? የሠራችሁትን ብቻ ጻፉ። "ሥዕል መሣል እጀምራለሁ" የሚለውን ምኞት ተዉት። ቪዲዮ ማየት፣ ፒዲኤፍ ማንበብ፣ ማስታወሻ መያዝ፣ ለልጆች ጨዋታ መክፈት። ሦስት አራት መስመር ይበቃል።

ከዚያ ከእያንዳንዱ ጎን ያስቸገራችሁን ጻፉ። ባትሪው ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ ምናልባት የሚያስፈልጋችሁ አዲስ ባትሪ ነው። ቦታ ሞልቶ ከሆነ ችግሩ የማከማቻ ነው። አንድ መተግበሪያ "ይህ መሣሪያ አይደገፍም" ብሎ አልከፈትም ካለ ግን የሶፍትዌር ዕድሜው እያለቀ ነው፤ ይሄ ከበድ ያለ ምክንያት ነው። ከጎን ያለው ቦታ ባዶ ከቀረ ደግሞ ማስታወቂያውን እንደ ፊልም ተዝናኑበትና ተኙ።

2. ቀኖቹን ለዩ

የታወጀበት ቀን አለ፣ ትዕዛዝ የሚጀመርበት ቀን አለ፣ ሱቅ የሚገባበት ቀን አለ። የአፕሉ ስቲቭ ጆብስ የመጀመሪያውን አይፓድ ያሳየው ጃንዋሪ 27 ቀን 2010 ነበር። አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው ኤፕሪል 3 ነው። ከሁለት ወር በላይ ማለት ነው። ኤም 4 ቺፕ የያዘው አይፓድ ፕሮ ግን ሜይ 7 ቀን 2024 ታውጆ ሜይ 15 ተሸጠ። ክፍተቱ አጠረም ረዘመም ለእናንተ ጠቃሚ ነው። ሰዎች በእጃቸው ይዘው የፈተኑት ጽሑፍና ቪዲዮ የሚወጣው ያኔ ነው። ቅድሚያ ትዕዛዝ ለመስጠት ካልቸኮላችሁ የሌሎችን ስሕተት በነፃ ታያላችሁ።

ሁለተኛው የቀን ጥያቄ የነባሩ ሞዴል ዕድሜ ነው። ሦስተኛው ትውልድ አይፓድ በማርች 2012 ታወጀ። አራተኛው በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጣ። ስምንት ወር እንኳ አልሞላም። ያውም መሰኪያውን ቀይሮ ነው የመጣው። ሰፊው ባለ 30 ፒን መሰኪያ ቀርቶ ትንሹ ላይትኒንግ ገባ። በማርች ገዝቶ ተጨማሪ ገመድና መቆሚያ የሰበሰበ ሰው ምን እንደተሰማው አስቡት። ስለዚህ ልትገዙት ያሰባችሁት ሞዴል መቼ እንደወጣ ፈልጉ። ዓመት ካለፈው ተተኪው መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። አዲሱ ሲወጣ የነባሩ ዋጋ ይወርዳል። ለውጡ የቺፕ ብቻ ከሆነ እኔ ነባሩን እገዛለሁ። ስክሪኑ፣ ብዕሩ ወይም መሰኪያው ከተቀየረ ቆም ብዬ አስባለሁ። ቅርጹና አሠራሩ ከሥር የተቀየረ የመጀመሪያ ምርት ከሆነ ግን ብታገሥ እመርጣለሁ። የመጀመሪያው አይፓድ ካሜራ አልነበረውም፣ ውፍረቱም 13.4 ሚሊሜትር ነበር። በ2011 የመጣው ሁለተኛው ከፊትም ከኋላም ካሜራ ይዞ ወደ 8.8 ሚሊሜትር ቀጠነ።

3. የታናሽየውን ዝርዝር መግለጫ ፈልጉ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ ትሠራላችሁ ብትሉኝ ይህንን እላችኋለሁ።

ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል "የታየው"፣ በሌላ በኩል "የምገዛው" ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ የአምራቹን ድረ ገጽ ክፈቱና ቪዲዮውን አልፋችሁ ወደ ዝርዝር መግለጫው ሂዱ። ብዙ ጊዜ ከገጹ ግርጌ ወይም "አወዳድር" ከሚለው ቁልፍ ጀርባ ነው የሚገኘው። አቅማችሁ የሚፈቅደውን ሞዴል ምረጡና ለእሱ የተጻፈውን ብቻ ቅዱ።

ለምሳሌ የ2024ቱን አይፓድ ፕሮ እንውሰድ። ማስታወቂያው ላይ ያየነው ባለ ኦሌድ (እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚያበራበት) ስክሪኑን፣ 13 ኢንች ሆኖ 5.1 ሚሊሜትር ብቻ የሚወፍረውን ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ስትገቡ ግን ሁለት መሣሪያዎች ታገኛላችሁ። ባለ 256 እና ባለ 512 ጊጋባይቱ 8 ጊጋባይት ራም (የተከፈቱ መተግበሪያዎች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) እና ባለ 9 ኮር ፕሮሰሰር አለው። ባለ 1 እና ባለ 2 ቴራባይቱ 16 ጊጋባይት ራምና ባለ 10 ኮር ፕሮሰሰር ይዟል። ነጸብራቅ የሚቀንሰው ናኖ ቴክስቸር መስታወትም የሚገኘው በትልልቆቹ ላይ ብቻ ነው። "ፎቶዎቼን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጣለሁ፣ ትንሹ ይበቃኛል" ያለ ሰው ማከማቻ ብቻ የቀነሰ ይመስለዋል። ራሙንም ፕሮሰሰሩንም አብሮ ቀንሷል። ለብዙ ሰው 8 ጊጋባይቱ በቂ ነው፣ እሱ ላይ አልከራከርም። ሳያውቁ መግዛት ነው የሚቆጨው።

ቀጥሎ ሦስት ቃላትን ፈልጉ። የመጀመሪያው "እስከ" ነው። ባትሪው "እስከ 10 ሰዓት" ይቆያል ሲባል ከፍተኛው ጣሪያ ነው። ሁለተኛው "ጀምሮ" ነው። "ከዚህ ዋጋ ጀምሮ" ሲባል ዋጋው የታናሽየው መሆኑን አስታውሱ። ሦስተኛው "እጥፍ" ነው። ከማን ጋር ተወዳድሮ? አንዳንዴ ከአምናው ጋር ሳይሆን ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት ከወጣው ጋር ነው። ከቁጥሩ አናት ላይ የምታገኟት ጥቃቅን ቁጥር ወደ ግርጌ ማስታወሻ ትመራችኋለች። እውነተኛው ታሪክ ያለው እዚያ ነው።

በመጨረሻ ሙሉ ሒሳቡን ደምሩ። በማስታወቂያው ላይ ታብሌቱ ኪቦርድ ለብሶ፣ ብዕር ጎኑ ላይ ተለጥፎ ነው የሚታየው። አይፓድ ላይ ሁለቱም ለየብቻ ይሸጣሉ። የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤስ 9 እና ኤስ 10 ብዕራቸው ካርቶኑ ውስጥ አለ፣ የቻርጀሩ ራስ ግን የለም። ታብሌት፣ ብዕር፣ ኪቦርድ፣ መሸፈኛ፣ ቻርጀር፤ ሁሉንም በአንድ መስመር ደምሩ። ድምሩ ላፕቶፕ የሚገዛ ሆኖ ካገኛችሁት አትደንግጡ፣ ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው።

4. ስክሪኑን ራሳችሁ አስሉት

"እጅግ ጥርት ያለ" የሚለው ቃል ምንም አይለካም። የፒክስል ጥግግት፣ ማለትም በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት የምስል ነጥብ እንዳለ፣ ይለካል። አሠራሩ ቀላል ነው። የወርዱን ፒክስል በራሱ አባዙ፣ የቁመቱንም በራሱ አባዙ፣ ደምሯቸውና ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ። ያገኛችሁትን ለስክሪኑ ኢንች አካፍሉ። የመጀመሪያው አይፓድ 1024 በ768 ነበር። ውጤቱ 1280 ይመጣል። ለ9.7 ኢንች ሲካፈል በአንድ ኢንች ውስጥ 132 ፒክስል ነው። የ2012ቱ 2048 በ1536 ሆነ፣ 264 ደረሰ። ፊደል ላይ ያለው ልዩነት በዓይን የሚታይ ነበር። ለንባብ ከ220 በታች ያለውን እኔ አልወስድም። የፊደሎቻችን ቅጥልጥል በጥቃቅን ጽሑፍ ላይ ቶሎ ይደበዝዛል።

የስክሪኑን ቅርጽም እዩ። ኢንች የሚለካው ጥግ ለጥግ ስለሆነ ሁለት "10 ኢንች" ስክሪኖች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። 4 ለ3 የሆነው 48 ካሬ ኢንች ስፋት አለው። 16 ለ10 የሆነው ወደ 45 ይጠጋል። ለመጽሐፍና ለፒዲኤፍ 4 ለ3 ይመቻል። ለፊልም 16 ለ10 ይሻላል፤ ከላይና ከታች ያለው ጥቁር ጠርዝ ይቀንሳል።

በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስና 120 ጊዜ የሚታደስ ስክሪንም አለ። በብዕር ለሚጽፍ ሰው 120ው ይታወቃል። ፊልም ለሚያይ ብዙም ለውጥ የለውም።

5. ቺፕ፣ ራም፣ ማከማቻ

ስለ ቺፕ ብዙ አልልም። የዛሬዎቹ መካከለኛ ቺፖች እንኳ ለንባብ፣ ለቪዲዮና ለማስታወሻ ይበቃሉ። ቪዲዮ የምታቀናብሩ ወይም ከባድ ጨዋታ የምትጫወቱ ካልሆነ በዚህ አትጨነቁ።

ራም ላይ አንድ ብልጠት አለ። አንዳንድ ርካሽ ታብሌቶች ላይ "16 ጊጋባይት ራም" ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት "8 ሲደመር 8" ይላል። ሁለተኛው 8 እውነተኛ ራም አይደለም። ከማከማቻው ላይ ተበድሮ እንደ ራም የሚያገለግል ነው፣ ፍጥነቱም ከራም አይደርስም። እውነተኛው ቁጥር የመጀመሪያው ነው።

ለማከማቻ ግምት አትጠቀሙ። አሁን ያላችሁን መሣሪያ ሴቲንግ ክፈቱና ምን ያህል እንደያዛችሁ እዩ። በላዩ ላይ ግማሹን ጨምሩበት። የታብሌቱ ሲስተምም የራሱን ቦታ ስለሚወስድ የተጻፈው ቁጥር በሙሉ የእናንተ አይደለም። የማይክሮ ኤስዲ ካርድ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ትንሹን መግዛት ይቻላል። አይፓድ ላይ ይህ ቀዳዳ ኖሮ አያውቅም። እኔ አንድ ጊዜ ትንሹን ገዝቼ፣ ዓመት ሳይሞላ ቅዳሜና እሑዴ ፎቶ በመሰረዝ ያልቅ ነበር።

6. መሰኪያ፣ ብዕር፣ ሲም

የዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ ቅርጹ አንድ ነው፣ ውስጡ ግን ይለያያል። የ2022ቱ አሥረኛ ትውልድ አይፓድ ዩኤስቢ ሲ አለው፤ ፍጥነቱ ግን የድሮው ዩኤስቢ 2 ነው፣ በሰከንድ 480 ሜጋቢት። የ2024ቱ ፕሮ በዚያው ዓይነት ቀዳዳ እስከ 40 ጊጋቢት ያስተላልፋል። 100 ጊጋባይት ቪዲዮ ለማዛወር በመጀመሪያው በወረቀት ላይ እንኳ 28 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በሁለተኛው በሰከንዶች ይቆጠራል። ፋይል በገመድ የማታዛውሩ ከሆነ ይህን እርሱት።

የብዕር ጉዳይ ግን ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ያው የ2022ቱ አይፓድ ሲወጣ የሚቀበለው የመጀመሪያውን ትውልድ አፕል ፔንስል ነበር። ብዕሩ ላይትኒንግ፣ ታብሌቱ ዩኤስቢ ሲ! ለማገናኘትና ቻርጅ ለማድረግ መሸጋገሪያ ቁራጭ ያስፈልግ ነበር። ባለ ኤም 4ቱ ፕሮ ደግሞ ሁለተኛውን ትውልድ ብዕር አይቀበልም። "ብዕር አለኝ፣ ያወጣኛል" ከማለታችሁ በፊት የሚስማሙትን ዝርዝር እዩ። ኪቦርድና መሸፈኛም እንዲሁ፤ ውፍረቱ በአንድ ሚሊሜትር ከተለወጠ አሮጌው ላይገጥም ይችላል።

ሲም የሚወስደውን ወይስ ዋይፋይ ብቻ ያለውን? በስልካችሁ ኢንተርኔት የምታካፍሉ ከሆነ ዋይፋዩ ይበቃል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዋይፋይ ብቻ ያለው አይፓድ ጂፒኤስ የለውም። መኪና ውስጥ ካርታ ለማየት ካሰባችሁ የሲሙ ያስፈልጋችኋል። ባለ ኤም 4ቱ ፕሮ ደግሞ የሚቀበለው ኢሲም (በካርድ ፋንታ መሣሪያው ውስጥ የተሠራ ሲም) ብቻ ስለሆነ የቴሌኮም ድርጅታችሁ ኢሲም ይሰጥ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

7. ባትሪና የሶፍትዌር ዕድሜ

ሁለት ታብሌቶችን በሚሊአምፒር ሰዓት ብቻ አታወዳድሩ። ቮልቴጁ ሊለያይ ይችላል። ሚሊአምፒሩን በቮልቱ አባዝታችሁ ለ1000 አካፍሉ፣ ዋት ሰዓት ይሰጣችኋል። 8000 ሚሊአምፒር ሰዓት በ3.85 ቮልት 30.8 ዋት ሰዓት ነው። በነገራችን ላይ አይፓድ በ2010 "እስከ 10 ሰዓት" ተብሎ ነበር የወጣው። የ2024ቱም "እስከ 10 ሰዓት" ነው የሚለው። ቺፑ ስንት ጊዜ ተለዋውጦ ቃሏ ንቅንቅ አላለችም።

የሶፍትዌር ዕድሜ የሚገመተው በሁለት ጥያቄ ነው። ስንት ዓመት ማሻሻያ ያገኛል? ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል? አምራቾች ብዙውን ጊዜ የሚቆጥሩት ምርቱ ከወጣበት ቀን ነው። ሁለት ዓመት የቆየ ሞዴል በቅናሽ ስትገዙ ከተስፋው ሁለቱ ዓመት አልቋል።

ሲስተሙ የምትፈልጉትን መተግበሪያ እንደሚያስኬድም አረጋግጡ። በ2012 ማይክሮሶፍት ሰርፌስ አርቲ የሚባል ታብሌት አወጣ። መልኩ ዊንዶውስ ነው፣ የተለመዱትን የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ግን መጫን አይቻልም ነበር። የአማዞን ፋየር ታብሌቶችም አንድሮይድን መሠረት ያደረጉ ቢሆኑም ከጉግል ፕሌይ ስቶር ጋር አይመጡም። ፊልም በክፍያ የምታዩ ከሆነ ደግሞ የአንድሮይዱን የዋይድቫይን (የፊልም ቅጂ መከላከያ) ደረጃ ጠይቁ። ኤል 1 ካልሆነ ስክሪኑ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ፊልሙ በዝቅተኛ ጥራት ነው የሚመጣው።

8. ሱቅ ውስጥ አምስት ደቂቃ

በአንድ እጅ ያዙት። ሁለት ደቂቃ ቆዩ። ክብደት በወረቀት ላይና በእጅ አንጓ ላይ አንድ አይደለም። ረጅም ጽሑፍ ክፈቱና ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱ። ወደ ጎን አዙሩትና የፊት ካሜራው የት እንደሚውል እዩ፤ በአጭሩ ጠርዝ ላይ ከሆነ በቪዲዮ ስታወሩ ሁልጊዜ ወደ ጎን የምታዩ ትመስላላችሁ።

ብዕር ካለ ከጥግ ወደ ጥግ ሰያፍ መስመር ሳቡ። በጣም ቀስ ብላችሁ ሳቡ። መስመሩ እንደ ማዕበል ከተንቀጠቀጠ ለሥዕል አይሆናችሁም። በፍጥነት ስትስቡ ሁሉም ቆንጆ ይመስላል፣ ሻጩም በፍጥነት ነው የሚያሳያችሁ።

9. ቤት ስትገቡ

ካርቶኑን አትጣሉ። ደረሰኙን ፎቶ አንሱት። የመመለሻው ጊዜ ስንት ቀን እንደሆነ አይታችሁ በዚያ ውስጥ ፈትሹ። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል ስክሪኑን ሞልቶ ይታይ። የማትለወጥ ነጥብ ካለች ያኔ ትወጣለች። መብራት አጥፍታችሁ ጥቁሩን ምስል ጠርዝ ጠርዙን እዩ። ድምፅ ማጉያዎቹን በየተራ ስሙ፣ ድምፃችሁን ቀድታችሁ አዳምጡ፣ ከራውተሩ ራቅ ብላችሁ ዋይፋዩን ሞክሩ።

ፋይል ከማዛወራችሁ በፊት የሶፍትዌር ማሻሻያውን ጫኑ። ከዚያ የአሮጌውን ባክአፕ ሥሩና አዛውሩ። ሁሉም ነገር ይሻገራል ብላችሁ ግን አትመኑ። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ቁጥር የሚሰጡ መተግበሪያዎች አንዳንዶቹ በባክአፕ አይሻገሩም፤ ውስጣቸው ገብቶ ለየብቻ ማዛወር ያስፈልጋል። የባንክ መተግበሪያዎችም ብዙውን ጊዜ እንደገና መመዝገብ ይጠይቃሉ። ስለዚህ አሮጌውን ቢያንስ አንድ ሳምንት አታጥፉት። በዚያ ሳምንት ሥራችሁን በሙሉ በአዲሱ ሞክሩ። ወደ አሮጌው ስትመለሱ "ለምን ተመለስኩ?" ብላችሁ ጻፉ። የቀረው ነገር እሱ ነው።

10. አሮጌውን ማስረከብ

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ከአካውንታችሁ ውጡ። አይፓድ ከሆነ "መሣሪያዬን ፈልግ" የሚለውን አጥፉ፣ አንድሮይድ ከሆነ የጉግል አካውንቱን ከሴቲንግ ውስጥ አስወግዱ። ከዚያ ነው ወደ ፋብሪካ ይዞታው የምትመልሱት። ሳትወጡ በሌላ መንገድ ከደመሰሳችሁት የስርቆት መከላከያው ይነቃል፣ አዲሱ ባለቤት የእናንተን ፓስወርድ ይጠየቃል። እኔ ይህን የተማርኩት አሮጌዬን የሸጥኩለት ሰው ሌሊት አራት ሰዓት ላይ ደውሎ "ወንድሜ፣ የአንተን ፓስወርድ ነው የሚለኝ" ሲለኝ ነው። ሌባ የሆንኩ ያህል ነው ያፈርኩት።

ሲሙንና ካርዱን አውጡ። ብዕሩ ከተጣመረበት ታብሌት ላይ ይለይ። ስክሪኑን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ አብሩትና የመጀመሪያው የቋንቋ መምረጫ ገጽ መምጣቱን እዩ። ያ ገጽ ከመጣና ዋይፋይ ስታገናኙት የማንንም አካውንት ካልጠየቀ ማስረከብ ትችላላችሁ።